በቬንት ቱቦ ዙሪያ የተለሰነው ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ ኮርኒሱም ያፈሳል (ደሴ)

የሆጤው፦
ሰላም ጀመዓ። ቤቱ ሞገድ ቆርቆሮ ክዳን ነው። የሽንት ቤቱ የአየር ማውጫ (ቬንት)፣ 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል። ዙሪያው በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር፣ ተሰነጠቀ። አምና ሲሊኮን ተቀባበት፣ ዘንድሮ ተላቀቀ። ኮርኒሱ ላይ ሳህን የሚያህል ቡናማ እድፍ አለ። ሬንጅ ላፍስበት ወይስ ሌላ መላ አለው? ሐምሌ ሳይገባ መጨረስ አለበት።

ቆርቆሮ በቆርቆሮ፦
አብሽር፣ ሬንጁን ግን ተወው። ሲሚንቶው የተሰነጠቀው ልስኑ ስለከፋ አይደለም። ፒቪሲ በ1 ሜትር ርዝመት፣ ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የ4 ሜትር ቱቦ በ20 ዲግሪ ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ገባ ይላል ማለት ነው። ቆርቆሮው ደግሞ የራሱ አካሄድ አለው። የደሴ የኅዳር ሌሊትና የቀኑ ጠራራ ሲፈራረቁ በመሐል ያለ ደረቅ ነገር ሁሉ ይላቀቃል። ሬንጅም በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የሚሻለው እንደ ሾጣጣ የሆነው የቬንት ጎማ ነው፣ ጠርዙ ላይ የሚታጠፍ አሉሚኒየም ያለው። ሲሚንቶውን በሙሉ አንሳ፤ መዶሻው ቆርቆሮውን እንዳያጎደጉደው ቀስ እያልክ። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወይም ዝገት ካገኘህ እርጥብ ሲሚንቶ የቆርቆሮውን የዚንክ ቅብ በልቶታል፤ ቆርቆሮው ከሳሳ ያንን ሉህ ቀይረው። ቀዳዳው በቱቦው ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይሁን፣ አለበለዚያ የቆርቆሮው ስለት ቱቦውን ይገዘግዘዋል።

የጎማውን ጫፍ ከቱቦው ስፋት አንድ አምስተኛ አጥብበህ ቁረጥ፤ ለ110 ቱቦ 88 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሳሙና ውሃ ቀብተህ አውርደው። መሠረቱ አራት ማዕዘን ከሆነ አንዱ ማዕዘን ወደ ላይኛው የጣሪያ አቅጣጫ እንዲያይ አዙረው፣ ውሃው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይወርዳል። ቀጥ አድርገህ ካስቀመጥከው የሞገዱ ቦይ ይዘጋና ውሃ ያቁራል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከዚህ ስህተት ነው። ከሥሩ ሲሊኮን ዘርግተህ አሉሚኒየሙን በካቻቢቴ እጀታ ሞገዱ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ጎማ ባለው ብሎን እሰረው። ስስ ቆርቆሮ ላይ አጥብቀህ ካዞርከው ጥርሱ ይበላል፤ እዚያ ላይ ሪቬት (በመሣሪያ ተስቦ የሚያዝ ምስማር) ይሻላል።

ለ ቧንቧ ሥራ፦
ስለ ሲሊኮኑ ልጨምር። ሲቀባ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ዚንክ ይበላል። የማይሸተውን ግዛ። አምና የተቀባው ምናልባት እሱ ነው፣ አሮጌው ላይ ደግሞ አዲሱ ስለማይይዝ ፍቀህ ጨርሰው።

ደግሞ ሲሚንቶውን ከማንሳትህ በፊት የሚያፈሰው እዚያ መሆኑን አረጋግጥ። አንድ ሰው ኮርኒስ ውስጥ በስልክ መብራት ይጠብቅ፣ አንተ በጎማ ቱቦ ውሃ አፍስስ። መጀመሪያ ከቬንቱ በታች፣ ቀጥሎ ዙሪያውን፣ በመጨረሻ ከላይ፤ በየቦታው 10 ደቂቃ። ከላይ ከጀመርክ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ዝናብ በሌለበት፣ በብርድ ማለዳ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ቱቦው ኮርኒስ ውስጥ ተከፍቶ እርጥብ አየሩ ቆርቆሮው ሥር ጤዛ እየሆነ ነው። ማጣበቂያ ያልተቀባ መጋጠሚያ ፈልግ።

የሆጤው፦
ጎማው ካልተገኘስ? ደግሞ የቱቦው ኮፍያ ተጣብቋል፣ ከላይ አይገባም።

ቆርቆሮ በቆርቆሮ፦
ኮፍያውን ከሥሩ በመጋዝ ቁረጥ፣ ጎማውን አሳልፈህ ሌላ ኮፍያ አድርግለት። ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ካነሰ በመጋጠሚያ ቀጥለው፤ በማጣበቂያ ይሁን። ውሃ ይገባል ብለህ ጫፉን እንዳትደፍነው፣ አየር ሲያጣ የሲፎኑ (ሽታ የሚያግደው ጎባጣ ቱቦ) ውሃ ይመጠጥና ቤቱ ይሸታል።

ጎማው ከጠፋ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሂድ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ልሙጥ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አንገት፣ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) ተበይዶ። የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታችኛው ከታችኛው በላይ ይደር። ቬንቱ ለኮልሞው (ለጣሪያው አናት ክዳን) ቅርብ ከሆነ ልሙጡን አስረዝመህ ኮልሞው ሥር አስገባው። አንገቱንና ቱቦውን አታጣብቅ። ከአንገቱ በላይ ቱቦው ላይ ቀሚስ የመሰለ ቆርቆሮ በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) እሰርና አንገቱን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍነው። ቱቦው እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል። ከጎማው ይልቅ ዕድሜ ያለውም ይሄ ነው፣ ሠሪው ጎበዝ ከሆነ።

ኮምቦልቻ ታች፦
የመኪና ካላማዳሪያ ቆርጠው የሚያስሩ አሉ። ለአንድ ክረምት ይይዛል እንጂ ፀሐይ ይፈረፍረዋል፤ እዚህ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ ይብሳል። የተሠራ ጎማ ብትገዛም በየግንቦቱ ውጣና ቱቦውን ያቀፈበትን አንገት በጣት ለጠጥ አድርገህ እይ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየህ ቀይር፣ ቀብተህ አትለፍ። ስትወጣ ደግሞ ምስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ርገጥ፣ ማገሩ እዚያ ነው።