እሸት ቡና ማጠቢያ ሥር ያለ ወንዝ፦ ተማሪዎቹ ሲመጡ ምን፣ የትና መቼ ይለኩልን?

የውሃ ኮሚቴ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀበሌያችን ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከላያችን የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወንዙ ይጠቁራል፣ አረፋ ይዞ ይወርዳል፣ ይሸታል፤ ከብት አፉን አያስነካውም። ጣቢያው ግን «ፍሳሹን በጉድጓድ ነው የማጠራቅመው» ባይ ነው። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር መጥተው ሊለኩልን ነው። በእጅ የሚያዝ የኦክስጅን መለኪያ፣ የፒኤች (የኮምጣጣነት) መለኪያና የቢኦዲ ጠርሙሶች አሏቸው፤ ቢኦዲ ማለት ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚጨርሰው የኦክስጅን መጠን ነው። ውጤቱ ወረዳ ሲቀርብ በአንድ ጥያቄ እንዳይወድቅ ምን እንጠንቀቅ? ዝናብ መመዝገብስ ይጠቅማል?

ላብ ቤት

መጀመሪያ ኦክስጅኑ፤ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ ሊይዝ የሚችለው የሟሟ ኦክስጅን በሊትር 7.3 ሚሊግራም ያህል ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው 9.1 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ከጣቢያው በላይ 7.2 ለክቶ «ከላይም ተበክሏል» ይልና ክሱን ራሱ ያፈርሰዋል።

መለኪያው ሲስተካከል ትክክለኛውን የቦታ ግፊት ወይም ከፍታ ይሙሉበት። ስልክ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ግፊቱን 1,015 ምናምን ብሎ ቢያሳይ አትመኑት፤ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተጻፈ ነው።

ለማመሳከሪያ ቢያንስ ከየሦስት ንባብ አንዱን በዊንክለር ዘዴ (ኦክስጅንን በኬሚካል በሚለካው) ይድገሙት። በ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ 1 ሚሊሊትር ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ከዚያ 1 ሚሊሊትር አልካሊ አዮዳይድ አዛይድ፤ ደለሉ ሲዘቅጥ 1 ሚሊሊትር ያልቀጠነ (ኮንሰንትሬትድ) ሰልፈሪክ አሲድ። ከዚያ 201 ሚሊሊትር ወስዶ በ0.025 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ቀለሙ እስኪጠፋ ጠብ እያደረጉ መለካት፤ የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊሊትር በሊትር 1 ሚሊግራም ኦክስጅን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ከአየሩ ኦክስጅን ትጨምርበታለች። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፤ አሲዱም አዛይዱም ቀልድ አያውቁም።

ቢኦዲው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ የቡና ፍሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤቹ 4 አካባቢ ይወርዳል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 ሳይመለስ ከተዘጋ ባክቴሪያው አይሠራም፣ ቁጥሩም በሐሰት ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ማቅጠን፤ ማለትም ከናሙናው ጥቂት ወስዶ ጠርሙሱን በንጹሕ ውሃ መሙላት። ፍሳሹ በሊትር 3,000 ሚሊግራም ቢኦዲ ቢኖረው፣ ከእሱ 1 ሚሊሊትር በ300 ጠርሙስ ብትጨምሩ በሊትር 10 ሚሊግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እኛ ጋ ያለው ከ7.3 አይበልጥም፣ ጠርሙሱ ባዶ ይቀራል። 0.3 ሚሊሊትር ብትጨምሩ 3 ሚሊግራም ይወርዳል፣ ይነበባል። ደንቡ፦ ቢያንስ 2 ይውረድ፣ ቢያንስ 1 ይቅር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ናሙና ሦስት የተለያየ መጠን ያዘጋጁ።

ፍሰት መለኪያ

ላብ ቤት ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን በተሳሳተ ሰዓት የተቀዳ ናሙና በየትኛውም ኬሚካል አይድንም። እሸቱ ተለቅሞ ጣቢያ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ መፈልፈያው የሚሠራው ምሽትና ሌሊት። ተማሪ ደግሞ መኪና ይዞ የሚደርሰው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ዋናው ፍሳሽ አልፏል፣ ፀሐይም ወጥታ አልጌው ኦክስጅን መሥራት ጀምሯል። ቢያንስ ሁለት ዙር ይሁን፤ ምሽት 3 ሰዓት ላይና ንጋት 12 ሰዓት ላይ። ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ንጋት ላይ ነው።

ቦታው ሦስት። ከጣቢያው በላይ፣ ሌላ ገባር ሳይቀላቀል። ከመውጫው በታች፣ ፍሳሹ ከወንዙ ጋር ከተዋሐደ በኋላ፤ መዋሐዱን የምታውቁት የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ካላቸው በግራ ዳር፣ በመሐልና በቀኝ ዳር ተመሳሳይ ቁጥር ሲሰጥ ነው። ሦስተኛው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፤ ይህን አትዝለሉ። ባክቴሪያው ፍሳሹን ለመብላት ጊዜ ስለሚወስድ ኦክስጅኑ የሚያልቀው መውጫው አፍ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው።

ፍሰቱን በብርቱካን ለኩት። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ተዘፍቆ ስለሚሄድ ነፋስ አያዛባውም። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ላይ አምስት ጊዜ ሰዓት ያዙ፣ አማካዩን ፍጥነት በ0.85 አባዙ፣ ከዚያ በወንዙ ስፋትና በአማካይ ጥልቀቱ። ፍሰቱ በሴኮንድ 50 ሊትር ቢሆንና ቢኦዲው ከላይ ወደ ታች በሊትር 20 ሚሊግራም ቢጨምር፣ በሴኮንድ 1 ግራም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ 86.4 ኪሎ። ወረዳው «ሚሊግራም በሊትር» ሲባል ያዛጋል፤ ኪሎ ግን ይገባዋል።

ዝናብ? አዎ፣ የግድ። የጥቅምት ዝናብ ወንዙን ያቀጥነዋል፣ ያደፈርሰዋልም፤ ጣቢያው «ድፍርሱ ከእርሻ ነው» የሚለው ያን ቀን ነው። ዕቃው ቀላል ነው፤ አፉ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ጣሳ፣ ላዩ ላይ ማንቆርቆሪያ (ፈነል)። የአፉ ስፋት 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 78.5 ሚሊሊትር ማለት 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይበል፤ ከዛፍና ከጣሪያ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ። ያልዘነበበትን ቀን ባዶ አትተዉት፣ ዜሮ ጻፉ፤ ባዶ ማለት «አልተነበበም» ነው።

ድንጋይ ገልባጭ

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት የለም፤ ድንጋይ ሥር ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ግን እዚያው ናቸው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ ከወራጁ በታች ይዞ፣ ከላይ በእግር ድንጋዩን ለሦስት ደቂቃ መቀስቀስ ነው። ከጣቢያው በላይ ሦስት ጭራ ያላቸው የሜይፍላይ (ንጹሕ ውሃ የሚወድ ነፍሳት) እጮች ካሉ፣ ከታች ደግሞ ኦክስጅን ያነሰበትን ውሃ የሚችሉት ቀይ ትሎች ብቻ ከቀሩ ጉዳዩ የአንድ ቀን አደጋ አይደለም። ታች ያለው ቦታ ድንጋያማነቱና ጥላው ከላይኛው ጋር ይመሳሰል እንጂ፤ ጭቃን ከድንጋይ ጋር ማወዳደር ሌላ ነገር ነው የሚለካው።

የውሃ ኮሚቴ

እግዜር ይስጥልን። መምህሩ የአየር ብናኝ መለኪያም እናመጣለን ብለዋል፤ ሽታውን ይለካል ወይ?

ፍሰት መለኪያ

ሽታን አይለካም። የሚቆጥረው ጭስና ብናኝ ነው። ርካሹ ዓይነት ደግሞ እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ የውሃ ጠብታን እንደ ብናኝ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የእርጥበት መለኪያ አብሮት ካልተተከለ የንጋት ቁጥሩን ተጠራጠሩት። ሽታው ንጋት ላይ የሚብሰው ሰማይ ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛ ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ይነሣል። መለኪያውን ማዕድ ቤት ውስጥ ብታስቀምጡት ይሻላል፤ የእንጨት ጭሱን ያሳያችኋል።

ላብ ቤት

አንድ የረሳሁት፦ ናሙናው በበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ቢኦዲ በ5ኛው ቀን ነው የሚነበበው፤ ሰኞ የገባ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ የገባ እሑድ ይውላል፣ ያኔ በሩ ዝግ ነው። ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ አስገቡ። መብራት ሲጠፋ ጠርሙሶቹ የሚቆዩበት ማቀፊያ ሣጥን ከ20 ዲግሪ ይወጣል፤ ውስጡ ቴርሞ ሜትር ይቀመጥ፣ የጠፋበት ሰዓትም ይጻፍ። ናሙና ሲቀዳ የጣቢያው ሰው አብሮ ይቁም፤ ከፈለገ ግማሹን እሱ ወስዶ ሌላ ቦታ ያስመርምር።