አባቴ ስቴንት ገብቶላቸዋል፣ የመንገዱ ጭስ ልባቸውን ይጎዳል ወይ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። አምና ሃርት አታክ ይዟቸው ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸዋል። መድኃኒታቸውን አያዛንፉም፣ ሐኪማቸው ተራመዱ ስላላቸውም ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ። ችግሩ ቤታችን ዋና መንገድ ዳር ነው፣ የሚራመዱትም መኪናው ሲተራመስ በዚያው ጠርዝ ነው። ጭሱ በከበደ ቀን «ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ» እያሉ ይመለሳሉ፣ ቁጭ ሲሉ ይለቃቸዋል። ወንድሜ ጭስ ሳንባን እንጂ ልብን ምን አገናኘው ይላል። እውነቱን ነው? ማስክ ይረዳል? የአየር ማጣሪያ ማሽንስ ልግዛ?

ዝም ያላልኩት፦ ከቤት እንዳይወጡ አድርጊ። እርምጃው ይቅር።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ ከጭሱ በፊት አንድ ነገር። ሲራመዱ መጥቶ ቁጭ ሲሉ የሚለቅ የደረት ሕመም፣ ስቴንት ላለው ሰው በቀላሉ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። ቀጠሮ እስኪደርስ ሳትጠብቂ ለሐኪማቸው ንገሪ፣ እስኪታዩ ድረስም ራሳቸውን አያድክሙ። አርፈው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልለቀቃቸው፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቃቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። «ጭሱ ነው፣ ያልፋል» ብለው ሲጠብቁ ቆይተው የሚመጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፣ እባካችሁ እናንተ አትጠብቁ።

ወደ ወንድምሽ ጥያቄ ስመጣ፣ ተሳስቷል። ጭሱ ውስጥ ያሉት ፒኤም 2.5 የሚባሉት ደቃቅ ብናኞች ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፣ ከአንድ ፀጉር ውፍረት 20 ጊዜ እንኳ ያንሳሉ። አፍንጫ አያስቀራቸውም። ሳንባ ውስጥ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳሉ፣ እጅግ የደቀቁት ደግሞ ወደ ደም ይዘልቃሉ። ያኔ ሰውነት ይቆጣል፣ የደም ስር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ደምም በቀላሉ ይረጋል። ቀድሞውንም የደም ስሩ የጠበበ ሰው ላይ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሃርት አታክ ሊቀሰቅስ ይችላል። ለዓመታት ሲተነፈስ ደግሞ የደም ስር ግድግዳ ላይ የሚከማቸውን ስብ ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኪዩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

እርምጃው ለዘለዓለም ይቅር በሚለው ግን አልስማማም። እንቅስቃሴ ለልብ ሕመምተኛ የሕክምናው አካል ነው። ሐኪማቸው ሲፈቅዱላቸው ቦታውና ሰዓቱ ይቀየር።

የመንገድ ሯጭ፦ በዚህ ላይ ልጨምር። ማለዳ ሁሌ ንጹሕ አየር አለ የሚባለው አያስተማምንም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጭሱ መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል፣ ነፋስ ከሌለ ፀሐይ ሞቅ እስክትል አይነሳም፣ በዚያ ላይ መኪናው ይጨመርበታል። የአካባቢያችሁን የአየር ጥራት ቁጥር በስልክ እያያችሁ ሰዓት ምረጡ። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ጥቂት መቶ ሜትር መግባት ብቻ ትልቅ ለውጥ አለው፣ የጭሱ መጠን ከመንገድ በራቅሽ ቁጥር ቶሎ ይወርዳል። ቁጥሩ በከፋ ቀን ቤት ውስጥ ይራመዱ።

ማሽን ጠጋኝ፦ ማሽን ከገዛሽ ሄፓ ፊልተር ያለው ይሁን። ደረጃውን የጠበቀ ሄፓ 0.3 ማይክሮሜትር የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል። የሚያጣራው የክፍል ስፋት ማሽኑ ላይ ተጽፏል፣ እሱን ሳታዪ እንዳትገዢ። አባትሽ የሚተኙበት ክፍል አስቀምጪው፣ ሲሠራ መስኮት ይዘጋ። «ኦዞን ይለቃል» የሚሉትን ዓይነት ግን አትንኪ፣ ኦዞን ራሱ መተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ጋዝ ነው። ፊልተሩ ጠቁሮ እያየሽው አትለፊው፣ በጊዜው ይቀየር።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐኪማቸው ደውዬ ነገ አምጪያቸው ብለውኛል። የማስኩ ነገርስ? ቤት ውስጥ አንዳንዴ ከሰል እናነዳለን፣ እሱም ይቆጠራል?

ነርስ ነኝ፦ በደንብ ይቆጠራል። የከሰል ጭስ ያንኑ ብናኝ ይዟል፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አለው። እሱ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ የታመመ ልብ ደግሞ ይህን አይችልም። ውጭ አንድዱት፣ ቤት ውስጥ ሲጋራም አይጨስ። ማስክ ከሆነ ኤን95 የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀረው ዓይነት ነው የሚሻለው፣ ያውም ፊት ላይ ገጥሞ ሲለጠፍ። የጨርቁ ደቃቁን ብናኝ እምብዛም አያስቀርም። ኤን95 ትንፋሽ ስለሚከብድበት ነገ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ሕመሙ የመጣባቸውን ቀንና ሰዓት፣ ምን ሲያደርጉ እንደመጣና በስንት ደቂቃ እንደለቀቃቸውም ጽፈሽ ያዢ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።