ለቀይ ጡብ ቤት የመስኮትና የበር ቀለም

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጡብ ቤት አለን። ጡቡ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ ነው፣ ጣሪያው ቡናማ። ጡቡን መቀባት አልፈልግም፤ እርጥበት ውስጡ ይታፈንና በብርዱ ወቅት በረዶ ሲሠራ ፊቱ ይላጣል። ስለዚህ የሚቀባው የመስኮቱ ክፈፍና በሩ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንዱን ክፈፍ ንጹህ ነጭ ቀባሁት፣ ከጡቡ አጠገብ እንደ አዲስ ነጠላ ቦግ ብሎ ዓይን ይወጋል። ግራጫው ደግሞ ጠዋት ደህና ነበር፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ወደ ሰማያዊ ሄደብኝ። ባለቤቴ ሁሉም ጥቁር ይሁን ትላለች (ፀሐይ የሚመታው በር ሐምሌ ላይ እንዴት እንደሚግል ረስታዋለች)። አሁን በእጄ የቀሩት ክሬምና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጡብ ላይ የሞከራችሁ፣ ክፈፉን ክሬም በሩን አረንጓዴ ላድርግ ወይስ ሁለቱንም አረንጓዴ?