የማያስፈልገንን ክላስተር እንዴት እናጥፋ?

ጥያቄ፦ የሳቢያን ልጅ፣ ድሬዳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ያለችው ትንሽ ቢሯችን ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች የጉዞ መከታተያ ሠርታ ነበር፤ የሚሠራው በአማዞን ኢኬኤስ ክላስተር ላይ ነው፤ ማለትም ኩበርኔቲስ በተባለው ፕሮግራም ተቀናጅተው በሚሠሩ የኪራይ ኮምፒውተሮች ስብስብ ላይ። ውሉ አልቋል። ኖዶቹን (ሥራውን የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች) ወደ ዜሮ ባወርድም ሂሳቡ መምጣቱን አላቆመም፤ የዶላሩን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክላስተሩን እንዲሁ ብሰርዘው ይበቃል? ውስጡ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የተያዘ የሁለት ዓመት የጉዞ መዝገብ አለ፤ እሱ ከጠፋ ከየትም አላመጣውም።

መልስ፦ የጀጎል እህት፣ ሐረር
ወንድሜ፣ ኖድ ባይኖርም የክላስተሩ መቆጣጠሪያ በሰዓት 0.10 ዶላር ያስከፍላል፤ በ30 ቀን 72 ዶላር ማለት ነው። የኩበርኔቲስ ስሪታችሁ የ14 ወር መደበኛ ድጋፉ ካለፈበት ግን በሰዓት 0.60፣ በወር 432 ዶላር ይደርሳል። ዛሬውኑ ስሪቱን ተመልከት።

መልስ፦ ገንደ ቆሬ
እባክህ እንዲሁ እንዳትሰርዘው። መጀመሪያ ኖድ መልሰህ አስነሳ። ሎድ ባላንሰሩን (ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ የሚያከፋፍለውን) እና ዲስኩን የሚያጠፉት ተቆጣጣሪ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ኖዶቹ ላይ ነው፤ እነሱ በሌሉበት ሰርቪስ (መተግበሪያውን ለውጭ የሚከፍተውን ቅንብር) ብትሰርዝ በመሰረዝ ላይ እንዳለ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክላስተሩን ቀድመህ ካጠፋህ ደግሞ ሎድ ባላንሰሩ ባለቤት አጥቶ እያስከፈለህ ይቆያል፤ ኔትወርኩንም አላስጠፋ ይልሃል።

ኖዱ ዲስኩ ባለበት ዞን (የአማዞን የመረጃ ማዕከል አካባቢ) መነሳት አለበት፤ ያለዚያ ፖስትግሬሱ ዲስኩን አያገኝም። ከተነሳ በኋላ መዝገቡን አውርደህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫነውና የመጨረሻውን ጉዞ በዓይንህ እየው። እኔ አንድ ጊዜ መሃል ላይ የተቆረጠ ፋይል ይዤ ዲስኩን አጥፍቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ሰርቪሶቹንና ኢንግረሶቹን (የድር ጥያቄ መግቢያ ደንቦቹን) ሰርዝ፣ ሎድ ባላንሰሮቹ ከአማዞን ገጽ እስኪጠፉም ጠብቅ። የዲስክ ጥያቄዎቹ (ፒቪሲ፣ መተግበሪያው ዲስክ የጠየቀባቸው ቅንብሮች)፣ ኖዶቹና ክላስተሩ በዚሁ ቅደም ተከተል ይከተላሉ።

የሳቢያን ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክላስተሩን የሠራነው ኢኬኤስሲቲኤል በተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ነው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋብኝስ?

የጀጎል እህት
በዚያው መሣሪያ አጥፋው። የተጀመረው ክፍል አማዞን ዘንድ ይቀጥላል፤ ቀጣዩን ግን በራሱ አይጀምርም። መብራት ሲመጣ ትእዛዙን ድገመው።

የሳቢያን ልጅ
ዛሬ ጨረስኩ፤ መዝገቡም ተርፏል። አንድ ዲስክ ብቻ «ይቆይ» ተብሎ ስለተቀመጠ ከምንም ሳይያያዝ ቀርቶ አገኘሁት። እሱንም በእጄ ሰረዝኩት።