ለሕፃናት የሚሰጥ መድኃኒት በሆስፒታል ፋርማሲ ለመቀመም ፈቃዱ ከማን ይገኛል?

ጦሳ ግርጌ (ጥያቄ አቅራቢ፣ ፋርማሲስት)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በፋርማሲስትነት አገለግላለሁ። የልብ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ወላጆች ፉሮሴሚድ (በሰውነት የተጠራቀመ ትርፍ ፈሳሽን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) የታዘዘበትን ወረቀት ይዘው ወደ መስኮታችን ሲመጡ፣ በመደርደሪያችን ላይ የሚገኘው ባለ 40 ሚሊ ግራም ኪኒን ብቻ ነው። በቅርቡ ከባቲ በኩል የመጣች አንዲት እናት መድኃኒቱን ቤቷ እንዴት እንደምትሰጥ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣች፤ ኪኒኑን ለሁለት፣ ግማሾቹንም እንደገና ለሁለት ከፈለቻቸው። ከአራቱ ቁራሽ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ምላጩ ሥር የረገፈውን ዱቄት በጣቷ ጠርጋ «ይኼ ይጣላል» አለችኝ። ሩቡ በትክክል ቢከፈል እንኳ 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ 6 ኪሎ ለምትመዝነው ልጇ የታዘዘው ግን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ታስቦ 6 ሚሊ ግራም ነበር።

ኪኒኑን በሙቀጫ አልመን፣ በሽሮፕ በጥብጠን፣ መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ አዘጋጅተን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየተለካ እንዲሰጥ ለማድረግ ሐሳብ አቀረብን። ለቁጥጥር የመጡት ባለሙያ ግን አሠራሩ በመመዘኛው ላይ ስላልተጠቀሰ እንዳንጀምር በቃል ነገሩን። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለውን ለእኛ አዲስ የሆነ አሠራር የሚያጸድቀው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ የክልሉ ተቆጣጣሪ ነው፣ ወይስ የሆስፒታላችን የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ? የሚመለከተው አካል እስኪታወቅ ድረስ ያቺ እናት ምላጩን ከመጠቀም በቀር አማራጭ የላትም።

የወልድያው ቀማሚ

ጥያቄዎ ብዙዎቻችን በየሥራ ቦታችን ስንሸከመው የኖርነው ስለሆነ በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። ግራ መጋባቱ የሚመነጨው «ፈቃድ» በሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለምንጠራ ይመስለኛል። አንደኛው የመድኃኒቱ ምዝገባ ሲሆን፣ ይህ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የባለሥልጣኑ ሥራ ነው። ሁለተኛው የተቋሙ የብቃት ማረጋገጫ፣ ሦስተኛው የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከአዋጁ በኋላ ከባለሥልጣኑ ወጥተው በጤና ሚኒስቴርና በክልል ጤና መዋቅር ሥር ይገኛሉ። እናንተ ልትሠሩ ያሰባችሁት አዲስ ምርት አምርቶ ለገበያ ማቅረብ አይደለም። ስሟ ለታወቀ አንዲት ታካሚ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ከተመዘገበ ኪኒን የሚዘጋጅ መድኃኒት ነው፤ ይህ ደግሞ ከፋርማሲ ሙያ ሁሉ የቆየው ጥበብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በመጀመሪያ በሆስፒታላችሁ ኮሚቴ በጽሑፍ መጽደቅ፣ ቀጥሎም ለክልሉ ተቆጣጣሪ በይፋ መቅረብ አለበት የሚል እምነት አለኝ።

ሆኖም የተቆጣጣሪውን ሥጋት አቅልለን ልናየው አይገባም። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚገኝ አንድ የቅመማ ድርጅት በሻጋታ የተበከለ የስቴሮይድ መርፌ ወደ በርካታ ግዛቶች ልኮ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለአንድ ታካሚ መቀመምንና በጅምላ ማምረትን የሚለየው ድንበር ተጥሶ ስለነበር፣ አገሪቱ በዓመቱ በ2013 አዲስ ሕግ ለማውጣት ተገዳለች። እኛም ከድንበሩ በየትኛው ወገን እንደቆምን በማመልከቻችን ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባናል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ «ፈሳሽ መቀመም ይፈቀድልን» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁ። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው። ፉሮሴሚድ ብርሃን ያበላሸዋል፤ አሲድነት ባለው ፈሳሽ ውስጥም ሳይበላሽ አይቆይም፤ ስለዚህ ጣዕሙን ለማሻሻል ተብሎ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ሽሮፕ ቢገባበት ልጅቱ የምትወስደው መድኃኒት መጠኑ የጎደለ ይሆናል። ሌላው የልብ መድኃኒት ካፕቶፕሪል ደግሞ ውኃ ውስጥ ከገባ ፈጥኖ ይበላሻል። ለአንዱ የተገኘ ማስረጃ ለሌላው አይሠራምና በአንድ መድኃኒት ጀምሩ።

ሚዛን (የጤና ተቋማት ቁጥጥር ባለሙያ)

እኔ በቁጥጥሩ ወገን ስለምሠራ፣ በቃል የተሰጠ ክልከላ ተገቢ አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አሳስቡ። በአንጻሩ «አልተከለከለም» ተብሎ ብቻ ሥራ መጀመርም ልክ አይደለም።

እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ቢቀመጥ በመጀመሪያ የምፈልገው የቀመሩን ምንጭ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች የእጅ ማጽጃ አልኮል በፍጥነት ማዘጋጀት የቻሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ኢታኖሉን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱንና ግሊሰሪኑን በሚሊ ሊትር ለክቶ፣ ከተዘጋጀም በኋላ 72 ሰዓት እንዲቆይ አዝዞ፣ ተጽፎ ስለጠበቃቸው ነበር። የተፈተነና የታተመ ቀመር ከቀረበ የአጽዳቂው ሥራ ይቀላል። ቀጥሎ የማየው የእያንዳንዱን ዝግጅት መዝገብ፣ ማን እንደቀመመውና ማን እንዳረጋገጠው፣ ሚዛኑ መቼ እንደተፈተሸ፣ በብልቃጡ ላይም የመጠቀሚያው የመጨረሻ ቀን መጻፉን ነው። በአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት ደረጃዎች መጽሐፍ)፣ ሳይበላሽ እንደሚቆይ የሚያሳይ የተለየ ማስረጃ ከሌለ፣ የጀርም መከላከያ ያልገባበት ውኃ አዘል የአፍ መድኃኒት በማቀዝቀዣ ከ14 ቀን በላይ እንዲቆይ አይፈቀድም።

ለፈሳሹ ማሟሚያ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል የምትጠቀሙ ከሆነ ከየት እንደተገዛና ዳይኢቲሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ኬሚካል አለመበከሉን የሚያሳየውን ምርመራ ሳላይ አልፈርምም። በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጋምቢያ በተበከለ የሳል ሽሮፕ ምክንያት ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ሞተዋል። የእነርሱም ወላጆች መድኃኒቱን የሰጡት አምነው ነበር።

አዲስ አሠራር በአገራችን ሊጸድቅ አይችልም ብላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ኤፒቲኤስ ብለን የምንጠራው የመድኃኒት ግብይትና የሒሳብ ቁጥጥር ሥርዓት በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ፣ ውጤቱ ታይቶ፣ የሕግ ድጋፍ አግኝቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋ ነው።

ነርስ ከባቲ

ፋርማሲስት ባልሆንም ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ነገር እንድናገር ይፈቀድልኝ። ደሴ ብርድ ነው፤ እኛ ያለንበት ቆላ ነው። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ቤተሰቦች ፍሪጅ የላቸውም፤ ከተማ ውስጥ ያለንም ብንሆን መብራት ሲጠፋ ዋስትና የለንም። በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ የታዘዘ ብልቃጥ ለእነዚህ እናቶች ቢሰጥ፣ በኮሚቴ የጸደቀው መድኃኒትና ልጁ በእርግጥ የሚወስደው መድኃኒት አንድ አይሆኑም። የሚጸድቀው አሠራር የእናትየዋን ቤት ጭምር ያየ እንዲሆን እማጸናለሁ።

የወልድያው ቀማሚ

እኅቴ፣ እውነትዎን ነው፤ እኔ ይህን ሳላስብ ማለፌ ተሰምቶኛል። ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚሻለው ምናልባት ፈሳሹ ሳይሆን ቀድሞ የምንሠራበት በወረቀት የሚታጠፍ ዱቄት ነው። ሦስት ኪኒን፣ ማለትም 120 ሚሊ ግራም ፉሮሴሚድ፣ በደንብ ልሞ ጠቅላላ ክብደቱ 4 ግራም እስኪሞላ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ከተዋሐደ በኋላ፣ 200 ሚሊ ግራም እየተመዘነ በ20 ወረቀት ቢታጠፍ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት 6 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይኖራል። እናትየዋ በምትሰጥበት ሰዓት በጥቂት ውኃ ትበጠብጠዋለች። ደረቅ ስለሆነ ፍሪጅ አያሻውም፤ ከብርሃንና ከእርጥበት መጠበቅ ግን አለበት። ይህ የሚሠራው ሚሊ ግራም የሚለይ ሚዛን ካለ ብቻ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የብዙ ተቋሞቻችን ዕቃ እንደተዘረፈ አውቃለሁና፣ ሚዛን ከሌላችሁ ማመልከቻው በዚያ ይጀምር።

ጦሳ ግርጌ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሚዛን አለን፤ መቼ እንደተፈተሸ ግን የሚያሳይ ወረቀት ስላላገኘሁለት ነገ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ለኮሚቴያችን የማቀርበው ስለ ፉሮሴሚድ ብቻ ይሆናል፦ ተኝተው ለሚታከሙት ሕፃናት ከፋርማሲው ማቀዝቀዣ እየወጣ የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ወደ ቤት ለሚሄዱት ደግሞ በወረቀት የታጠፈ ዱቄት። ኮሚቴው እንደፈረመበት ለክልሉ በደብዳቤ እናሳውቃለን። የተከበሩ የቁጥጥር ባለሙያ ሚዛን፣ የዝግጅት መዝገብ ቅጹን ሳረቅቅ ምን ምን ዓምድ ሊኖረው እንደሚገባ ቢጠቁሙኝ ትልቅ ውለታ ነው። ያቺ እናት የባቲን የሰኞ ገበያ አሳልፋ በሚቀጥለው ማክሰኞ ለክትትል ትመለሳለች፤ እስከዚያ ፈቃዱ ባይደርስ እንኳ ኪኒኑን በምላጭ ሳይሆን በመቁረጫ መሣሪያ እኛው ከፍለን ልንሰጣት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረናል።