የ79 ፒክአፕ የፊት ሞዞ ድምፅ፦ ኩሽኔታ ነው ወይስ ዲፈረንሻል?

ሹፌር ከጎባ፦
ሰላም ወገኖች። የምነዳው የአባቴን ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ነው። ከዶሎ መና ቡና ጭኜ በሐረና ጫካ አድርጌ፣ ሳነቴን ወጥቼ ጎባ እገባለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከፊት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው ክፍል) በኩል እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ኮረኮንች ላይ አይለይም። ወደ ሮቤ አስፋልቱ ላይ 60 ስገባ ይጀምራል፣ 80 ላይ መስኮት ዘግቼም ይሰማል። አንድ ጋራዥ ጎንበስ ብለው እንኳ ሳያዩ «ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) ነው፣ ይውረድ» አሉኝ። ከማስወረዴ በፊት ራሴ የማጣራው ነገር አለ?

ጎማ ሠሪ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ከኋላዎቹ ጋር አቀያይረህ ንዳ። ጎማ እኩል ካልተበላ ልክ እንደተበላሸ ኩሽኔታ (ሞዞው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ሮለር ቀለበት) ይጮኻል።

መካኒክ ከአዳማ፦
ልጄ፣ ዲፈረንሻሉን እንዳታስነካ። ሞዞው ላይ ፍሪና ሎክ (ጎማውን ከሴሚያስ፣ ማለትም ከዲፈረንሻል ከሚመጣው ዘንግ፣ የሚያላቅቀውና የሚያገናኘው) አለልህ አይደል? መመርመሪያህ እሱ ነው። ሁለቱንም ሎክ አድርግና ፎር ዊል ሳታስገባ ያንኑ አስፋልት ንዳ። ከዚያ ፍሪ አድርገህ ድገመው። ፍሪ ላይ ሴሚያሱም፣ የፊት ዲፈረንሻሉም፣ የፊት ካርዳኑም (ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያመጣው ረጅም ዘንግ) ቆመው ነው የሚሄዱት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ እዚያ ነው። ካልጠፋና ጎማም ካልሆነ ኩሽኔታ ነው።

ኩርባ ላይ ደግሞ ጆሮህን ስጥ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ላይ ያርፋል። ያኔ ከባሰበት ቀኙን ጠርጥር። በክሪክ አንሳውና ከሥር በደንብ ደግፈው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተወዛወዘ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ውዝዋዜው ከቆመ የሞዞው ኩሽኔታ ነው። ካልቆመ ጎማው በመሪ የሚታጠፍበት የላይና የታች ኩሽኔታ ነው።

አደራ፣ ሞዞውን የያዙትን ዳዶዎች በመሮና በመዶሻ አታስፈታ። ስንቱ ደህና ሞዞ እንደዚያ ሲበላሽ አይቻለሁ። ባለ 54 ቁልፍ ተዋስ።

ሹፌር ከጎባ፦
ጋሼ፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ጎማ አቀያየርኩ፣ ለውጥ የለም። ፍሪ ላይም አልጠፋም። ወደ ግራ ስታጠፍ ይብሳል። ቀኙ ይወዛወዛል፣ ፍሬን ሲረገጥ ይቆማል። ስንፈታው የውስጠኛው ኩሽኔታ ግራሶ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ሮለሮቹ ላይ ዝገት አለ። ከምን መጣ?

መካኒክ ከአዳማ፦
ውሃ ነው። ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑ ሞዞውን ያግለዋል። እንደጋለ ወንዝ ከገባህ ውስጡ ያለው አየር ባንዴ ይቀዘቅዝና ውሃውን በፓራዮሊው (ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ በሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት) በኩል ይስበዋል። ከወንዙ በፊት ትንሽ ቁም፣ ይብረድለት። አሁን ኩሽኔታውን ከነውጭ ቀለበቱ ቀይር፣ ፓራዮሊውንም ጨምር። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም። ግራሶውን በመዳፍህ እየጫንክ በሮለሮቹ መሀል እስኪወጣ ሙላው። ሞዞውን እያዞርክ ዳዶውን አጥብቅ፣ አላላው፣ ከዚያ ውዝዋዜው እስኪጠፋ ብቻ መልሰህ ያዘው። ከመጠን በላይ ካጠበቅከው ይቃጠላል። ግራውንም ክፈተው፣ አብሮ ነው ወንዝ የገባው።

ሹፌር ከጎባ፦
ግራውም ግራሶው ነጣ ብሏል። ኩሽኔታው ግን ደህና ነው፣ አጥቤ በአዲስ ግራሶ መለስኩት። ቀኙ ተቀይሮ ገጥሟል። ነገ ባዶውን ሮቤ ደርሼ እመለስና የሁለቱን ሞዞ ሙቀት በእጄ አመዛዝናለሁ። እኩል ከሆኑ ከነገ ወዲያ ዶሎ መና ነኝ።