ስክሪኑም ኪቦርዱም አንድ ሣጥን ውስጥ የሆነ ኮምፒውተር ልሠራ ነው፣ ስክሪኑን ምን ላድርግ?

ባለሣጥኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 የምትባለዋ ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር አለችኝ። በፈረንጆቹ 1977 የወጣውን ኮሞዶር ፔት የተባለ ኮምፒውተር የሚመስል ነገር ልሠራባት ነው፤ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ፣ ሲበራ ጥቁር ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ የሚያወጣ። ሣጥኑን የሰፈራችን አናጺ በኮምፔንሳቶ ሊሠራልኝ ተስማምተናል። ያልቆረጥኩት ስክሪኑን ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ባለ 14 ኢንች የድሮ ከለር ቲቪ አለ። ከፕላስቲኩ አውጥቼ ልክተተው ወይስ ሌላ ልፈልግ? እኛ ጋ ደግሞ መብራት ሳይታሰብ ነው ድርግም የሚለው፣ ሜሞሪ ካርዱ እንዳይበላሽ ሰግቻለሁ። ዋናው ነገር አማርኛ እንዲጻፍበት ነው። ልጆቼ ያለ ኢንተርኔት ቁጭ ብለው የሚጽፉበት ማሽን እንዲኖራቸው በጣም እፈልጋለሁ።

ሽቦ፦
ወንድሜ፣ ቲቪውን በፍጹም እንዳትከፍተው! ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው የሚይዘው፣ ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ቻርጁ እዚያው ይቆያል። ልጆች ባሉበት ቤት አይሆንም። መልኩን ከወደድከው ከነፕላስቲኩ ተወውና በኤቪ ገመድ አገናኘው። የፓይ 4 የድምፅ ቀዳዳ ቪዲዮም ያወጣል፣ መጀመሪያ ግን የፓይው ማስተካከያ (ኮንፊግ) ላይ ቲቪ አውትን ማብራት አለብህ። ገመዱ ግን ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው ይሁን። ለካሜራ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጣቸው የተቀያየረ ነው፤ ቢጫው ምንም ካላሳየህ ቀዩን ጫፍ ቢጫው ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ሞክር፣ አንዳንዴ ይሠራል።

ከቡራዩ፦
በቲቪ ደቃቅ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ለሚጽፍ ሰው ዓይን ያደክማል። እኔ የምመክርህ ባለ 15 ኢንች አራት ማዕዘን ሞኒተር ነው፣ ድሮ ኢንተርኔት ካፌ የነበረው ዓይነት። ምናለሽ ተራ ብትዞር አታጣም። ስትመርጥ ጀርባውን ገልብጠህ እይ፤ 220 ቀጥታ የሚገባበትን ተወውና 12 ቮልት አዳፕተር ያለውን ውሰድ። ለምን መሰለህ፣ ያኔ ሁሉንም ነገር ከአንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ማስነሳት ትችላለህ፣ መብራት ቢሄድም ሁለት ሰዓት ያህል ያቆይሃል። ባትሪው ቻርጅ ላይ ሲሆን 13.8 ቮልት ይደርሳል፣ ሲደክም ደግሞ ከ12 ይወርዳል፣ ስለዚህ ለሞኒተሩ 12 ላይ የሚያረጋ ቦርድ አስገባ። ለፓይው ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ሌላ ቦርድ ያስፈልጋል፣ ቢያንስ 3 አምፔር የሚችል። ፓይውን ከመሰካትህ በፊት በቴስተር ለካ! አናጺውንም ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ እንዲያወጣ ንገረው።

ባለሣጥኑ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቲቪው ባለበት ይቀመጣል። አማርኛውስ?

ፊደል፦
ጎሃ የሚባል ለሊኑክስ (ፓይው ለሚሠራበት ሲስተም) ጥቁር ኮንሶል፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ ለሚታይበት ስክሪን፣ የተሠራ የግዕዝ ፎንት አለ፣ ኮንሶል ሴታፕ ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ነው የሚመጣው። ኮንሶሉ ከ512 በላይ ቅርጽ አይዝም፣ ለፊደላችን ግን ይበቃል። ለማንበብ ያምራል። ለመጻፍ ግን ዴስክቶፑን ተጠቀምና አይባስ (IBus) በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ላይ ሴራ (SERA) የሚለውን የአማርኛ አጻጻፍ ጫን፤ በላቲን ሆሄ እንደ ድምፁ ስትመታ ሰላም ይልልሃል። ከዚያ ፎከስራይተር የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ስክሪን ሙሉ ክፈተው፣ ጀርባውን ጥቁር ጽሑፉን አረንጓዴ አድርገው፣ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ አድርግ። ልጆቹ ሌላ ነገር አያዩም። ለሜሞሪ ካርዱ ደግሞ ሁሉን ጭነህ ስትጨርስ ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው የፓይው ማስተካከያ ውስጥ ኦቨርሌይን አብራ፣ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም። ልጆቹ የጻፉት ግን ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ስለሚሄድ ፍላሽ ላይ ሴቭ እንዲያደርጉ አድርግ።